ፐርዲየም ደመወዝ አይደለም፦ ኤንጂኦ ለሚገባ ሰው የአሠራር መመሪያ

በቅርቡ የጎረቤቴ ልጅ ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ ሠላሳ ሺ ነው! ለእማዬ እንኳ ገና አልነገርኳትም።» ከፔዳ (ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ) ከተመረቀች ሁለት ዓመቷ ነው። አንድ የእርዳታ ድርጅት ፊልድ ኦፊሰር አድርጎ ሊቀጥራት ደብዳቤ ልኮላታል። ፈርማ እንድትመልስ የተሰጣት ጊዜ ሁለት ቀን ብቻ ነው። ጣና ዳር ተገናኘን። የተጠበሰ ቀረሶ አዘዝን። ዓሣው እስኪመጣ ብዬ ወረቀቱን ማገላበጥ ጀመርኩ። ዓሣው መጣ፣ ቀዘቀዘም። እኔ ገና ሦስተኛው ገጽ ላይ ነበርኩ።

እዚህ የምጽፈው ያን ቀን የነገርኳትን ነው። እኔ ራሴ ዐሥራ አንድ ዓመት በዚሁ ሥራ ኖሬያለሁ። ከማውቀው ግማሹን የተማርኩት ተበልቼ ነው።

ደረጃ 1፦ ሠላሳ ሺውን አራግፉት

ደብዳቤው ላይ ያለው ቁጥር ግሮስ ነው፤ ግብርና ጡረታ ያልተቀነሰለት። ኪሳችሁ የሚገባው ሌላ ነው። ሐምሌ 2017 ሥራ ላይ በዋለው የገቢ ግብር ማሻሻያ (አዋጅ ቁጥር 1395/2017) እስከ 2,000 ብር ከግብር ነፃ ነው። ከዚያ በላይ ያለው በየእርከኑ ከ15 በመቶ ይነሣል፤ ከ14,000 ብር የሚያልፈው ገንዘብ ላይ 35 በመቶ ይደርሳል። አቋራጭ ስሌት አለው። ደመወዙ ከ14,000 በላይ ከሆነ የሙሉውን 35 በመቶ አስሉ፤ ከዚያ ላይ 2,050 ብር ቀንሱ።

የልጅቷን እንሥራው። የ30,000 ብር 35 በመቶ 10,500 ነው። 2,050 ሲቀነስለት ግብሩ 8,450 ብር ይሆናል። የጡረታ መዋጮዋ 7 በመቶ ነው፤ 2,100 ብር። እጇ ላይ የሚቀረው 19,450 ብር። አሠሪው በበኩሉ 11 በመቶ ጡረታ ይከፍልላታል። ይህንን ከደመወዟ አይቆርጥም፣ ከራሱ ነው የሚያወጣው። አንዳንድ ድርጅት ቃለ መጠይቅ ላይ ይህን 11 በመቶ እንደ ጥቅማ ጥቅም ሲዘረዝር ሰምቻለሁ። ግዴታው ነው፤ አታመስግኑት።

ናፕኪን ላይ 19,450 ብዬ ስጽፍላት ትንሽ ዝም አለች። «ቤት ኪራይ ሲወጣለትስ?» አለች። እሱን ራስሽ ቀንሺ አልኳት።

ደረጃ 2፦ ፐርዲየሙን ከስሌቱ አውጡት

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የወደቅሁት እዚህ ስለሆነ።

ፊልድ ስትወጡ የሚከፈላችሁ የውሎ አበል ለአልጋና ለምግብ ነው። ግን ሁላችንም እናውቃለን፤ አልጋውን ከጓደኛ ጋር ተካፍሎ፣ ምሳውን ሽሮ በልቶ፣ የተረፈውን ይዞ መመለስ የተለመደ ነው። በወር ዐሥራ ሁለት ቀን ፊልድ ስወጣ የነበረ ጊዜ የፐርዲየሙ ትርፍ ከደመወዜ ሩብ ይሆን ነበር። እኔም እንደ ቋሚ ገቢ ቆጠርኩት። ቀበሌ 14 ሰፋ ያለ ቤት ተከራየሁ። ሳምንታዊ እቁብ ገባሁ። ያውም የጀመርኩት ሁለት እጣ ነው!

ከዚያ መንገድ ተዘጋ። የ2015 ክረምት ማብቂያ ላይ አማራ ክልል ውስጥ ውጊያ ሲነሣ የሆነውን ሁሉም ያውቃል። ፊልድ ቆመ። ደመወዜ በሰዓቱ ይገባ ነበር፣ እግዜር ይስጣቸው። ፐርዲየሙ ግን ዜሮ። የቤት አከራዬ መንገድ መዘጋቱ አይመለከታቸውም። የእቁቡ ዳኛም እንዲሁ። እቁቡን ገና ስላልበላሁ መውጣት እችል ነበር፤ ሼም ይዞኝ ሦስት ወር ተበድሬ ጣልኩ። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚሉት ለካ ለኔ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ለፐርዲየም ሌላ የባንክ ሒሳብ ክፈቱ። ከፊልድ የተረፈ ሁሉ እዚያ ይግባ። ኪራይ፣ የልጅ ትምህርት ቤት፣ እቁብ፣ ለቤተሰብ የሚላክ፣ እነዚህ ሁሉ ከተጣራ ደመወዝ ብቻ ይውጡ። ደመወዙ የማይችለውን ቤት አትከራዩ። ትራንስፖርት፣ የቤት፣ የሃርድሺፕ (የአስቸጋሪ ቦታ) አበል ካላችሁም ውሉ ላይ በየወሩ ተብሎ የተጻፈውን ለዩ። «እንደ አስፈላጊነቱ» የሚል ቃል ያለበት ሁሉ ከፐርዲየሙ ጋር ይመደብ።

አንድ ነገር ደግሞ። ቅርብ ፊልድ ሲሆን፣ ሐሙሲት ወይም መራዊ ውሎ መመለስ ሲሆን፣ ስንት እንደሚከፈል አስቀድማችሁ ጠይቁ። ብዙ ቦታ ካላደሩ አበሉ የምሳ ብቻ ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ወጥቶ ማታ 2 ሰዓት የሚመለስ ሰው ቀኑን ሙሉ ሠርቶ የምሳ ይቀበላል።

ደረጃ 3፦ ለአንድ ወር ሰዓታችሁን ጻፉ

ሥራ የጀመራችሁ ቀን አንድ ቀጭን ደብተር ግዙ። በየማታው ሦስት ነገር ጻፉ። ስንት ሰዓት ጀመርኩ? ስንት ሰዓት ጨረስኩ? ትርፍ ሰዓቱ ለምን ዋለ? ለመጨረሻው ጥያቄ ሁለት መልስ ብቻ ይኑረው፤ «ሰው» ወይም «ወረቀት»።

ይህ «ሰው» እና «ወረቀት» የሚለው ክፍፍል ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ። አንድ ጊዜ ስርጭት ላይ ነን። ስንዴና ዘይት። ሰዓቱ አልፏል፤ ሾፌራችን ሳይመሽ እንውጣ እያለ ቁልፉን ያንቀጫቅጫል። አንዲት እናት ከሕፃን ጋር ጠረጴዛው ፊት ቆመዋል። ስማቸው ዝርዝሩ ላይ የለም። የቀበሌው ሰው ደግሞ ተመዝግበዋል ይላል። የቀደመውን ዝርዝር ፈልገን፣ ስልክ ደውለን፣ በአባታቸው ስም ላይ የፊደል ስሕተት መሆኑን እስክናገኝ አርባ ደቂቃ ፈጀ። ያ ሰዓት አያናድደኝም። እስከ ዛሬም ትርፍ ሰዓት ብዬ አልቆጠርኩትም።

በዚያው ሳምንት እሑድ ደግሞ ከቅዳሴ መልስ ቢሮ ተጠራሁ። የሩብ ዓመት ሪፖርቱ ላይ ያሉት ሠንጠረዦች ቀለማቸው እንዲመሳሰል ተፈልጎ ነው። አራት ሰዓት ፈጀብኝ። አለቃችን የተናገረው ቃል ግን ለስርጭቱ የሚሆነው ነበር፤ «ሕዝቡ እየተራበ እኛ እሑድ እንላለን እንዴ?»

ረሃብ እሑድን አያውቅም፣ እውነት ነው። ሪፖርት ግን ያውቃል። የለጋሹ የመረከቢያ ቀን ከሦስት ወር በፊት የታወቀ ነው። እዚህ ሥራ ውስጥ ሰው የሚያቃጥለው የተረጂው አስቸኳይነት አይመስለኝም። ወረቀቱ የተረጂውን ልብስ ለብሶ ሲመጣ ነው። የመጀመሪያውን ወር ደብተሬን ስደምር ከመደበኛው በላይ 61 ሰዓት ሠርቻለሁ። «ሰው» የሚለው 14 ሰዓት ነበር። ቀሪውን እናንተ አስሉት።

ወሩ ሲያልቅ የተጣራ ደመወዛችሁን ለሰዓቱ አካፍሉት። በሳምንት 48 ሰዓት የሚሠራ ሰው በወር በአማካይ 208 ሰዓት ይሠራል። 19,450 ለ208 ሲካፈል በሰዓት 93 ብር ገደማ ነው። በሳምንት 65 ሰዓት የሚሠራ ከሆነ ግን ወሩ ወደ 282 ሰዓት ይጠጋል፤ ሰዓቱ ወደ 69 ብር ይወርዳል። ያው ደብዳቤ፣ ያው ሠላሳ ሺ።

ደረጃ 4፦ ሕጉ የሰጣችሁን እወቁ

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ (ቁጥር 1156/2011) ከቀን 8፣ ከሳምንት 48 ሰዓት በላይ መደበኛ ሥራ አይፈቅድም። ትርፍ ሰዓት ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ከሆነ የሰዓቱ ክፍያ በ1.5 ይባዛል። ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 በ1.75። በሳምንት የዕረፍት ቀን በ2። በሕዝብ በዓል በ2.5። ትርፍ ሰዓቱ ራሱ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት መብለጥ የለበትም።

በልጅቷ ደመወዝ እንየው። 30,000 ለ208 ሲካፈል 144 ብር ከ23 ሳንቲም ነው። አንድ እሑድ 8 ሰዓት ብትሠራ 2,307 ብር ከ69 ሳንቲም ይገባታል፣ ከግብር በፊት።

አሁን ወደ እውነቱ እንምጣ። ኤንጂኦ ውስጥ ይህን በገንዘብ ሲከፍል ያየሁት ጥቂቱ ነው። አብዛኛው «በምትኩ ቀን ውሰድ» ይላል። ቀን መውሰዱ ክፉ አይደለም፣ ከተወሰደ። ችግሩ ቀኑ የሚቆጠረው በአለቃ ጭንቅላት ውስጥ መሆኑ ነው። አለቃ ሲቀየር ቀኑም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ እሑድ የሠራችሁ እንደሆነ ሰኞ ጠዋት ሁለት መስመር ኢሜይል ላኩ፦ «በትዕዛዝዎ መሠረት እሑድ ከ3 እስከ 11 ሰዓት ሠርቻለሁ። ምትኩን ዐርብ ልወስድ አስቤያለሁ፤ ካልተመቸ ይንገሩኝ።» «በትዕዛዝዎ» የምትለዋን ቃል አትዝለሏት። በሕጉ ትርፍ ሰዓት የሚቆጠረው አሠሪው በግልጽ ሲያዝ ነው። በገዛ ፈቃድ የተቀመጠ ሰው ክርክሩ ይከብደዋል።

«አንተ ማናጀር ነህ፣ ትርፍ ሰዓት አይመለከትህም» ከተባላችሁም ወዲያው አትሸነፉ። አዋጁ የሥራ መሪዎችን አይሸፍንም፣ ልክ ነው። ግን የሥራ መሪ የሚያደርገው ሥልጣኑ ነው፤ ሠራተኛ መቅጠር፣ ማዛወር፣ ማገድ፣ ማሰናበት ወይም ፖሊሲ ማውጣት። የራሱን የወረቀት ጥያቄ እንኳ ሳያስፈርም የማያወጣ «ማናጀር» ባሕር ዳር ሞልቷል።

የዓመት ፈቃድ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፤ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። ለጋብቻ 3 የሥራ ቀን ከነክፍያው አለ፤ የቅርብ ዘመድ ሲሞትም እንዲሁ። ለወሊድ 120 ቀን፣ ለአባት 3 ቀን። ፈቃድ ላይ ያለን ሰው መጥራት የሚቻለው ያልታሰበ ነገር ሲገጥም ብቻ ነው። ሲጠራም የመጓጓዣውን ወጪና የውሎ አበሉን የሚሸፍነው አሠሪው ነው። ይህንን አንቀጽ የሚያውቅ ሠራተኛ ሲኖር ያልታሰቡ ነገሮች ቁጥር ይቀንሳል። በዓይኔ አይቻለሁ።

ደረጃ 5፦ ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ

የፕሮጀክት ሠራተኛ ደመወዝ በጀቱ ላይ አስቀድሞ ይጻፋል፤ ለጋሹም አይቶ ያጸድቀዋል። ስለዚህ ከፈረማችሁ በኋላ «ይጨመርልኝ» ብትሉ መልሱ «ዶነሩ አይፈቅድም» ነው። ብዙ ጊዜ ውሸት አይደለም። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅም (ቁጥር 1113/2011) የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይገድባል። ፋይናንስና ኤችአር ክፍል የምትገቡ ከሆነ ይህ ጣሪያ በቀጥታ ይነካችኋል።

በሩ የሚከፈተው ሁለት ጊዜ ነው። አንደኛው ከመፈረም በፊት፣ ሊቀጥሯችሁ ፈልገው ሳለ። ሁለተኛው አዲስ ፕሮፖዛል ሲጻፍ። በጀት የሚሠራውን ሰው በዚያ ሰሞን ቡና ጋብዙት። የሥራ መደባችሁ ሙሉ ደመወዝ ነው የተያዘለት ወይስ ግማሽ? የዓመት ጭማሪ ገብቶበታል? ካልገባ ለሁለትና ሦስት ዓመት ያው ደመወዝ ነው ማለት ነው።

የውጭ ምንዛሪንም ጠይቁ። ሐምሌ 22/2016 የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። በጀቱ በዶላር የሆነ ድርጅት በብር ሲመነዝረው እጥፍ ሊሆን ምን ቀረው? የሠራተኛው ደመወዝ ግን በብር የተጻፈ ነው። ጥያቄው እንግዲህ ይህ ነው፦ «ምንዛሪ ሲቀየር የደመወዝ ማስተካከያ ፖሊሲ አላችሁ? በጽሑፍ ማየት እችላለሁ?»

ልጅቷ «እንዲህ ስጠይቅ ገንዘብ ወዳድ አይሉኝም?» አለችኝ። ይሉ ይሆናል። ለመኪና ነዳጅ፣ ለአዳራሽ ኪራይ፣ ለባነር ሲደራደሩ ግን ማንም ማንንም ገንዘብ ወዳድ አይልም።

ደረጃ 6፦ ፕሮጀክቱ መቼ እንደሚሞት ቁጠሩ

የሙከራ ጊዜ 60 የሥራ ቀን ነው። በዚያ ውስጥ ሁለታችሁም ያለ ማስጠንቀቂያ መለያየት ትችላላችሁ። ስለዚህ ስልሳው ቀን ሳያልፍ ብድር የለም፣ አዲስ ቤት የለም፣ የድሮ ሥራ ላይ ጸብ የለም።

ቀጥሎ የውሉን ማብቂያ ቀን ፈልጉ። ሳይታደስ ቀኑ ከደረሰ በራሱ ያበቃል። ከማለቁ ሦስት ወር በፊት እንዲያስታውሳችሁ ስልካችሁ ላይ ማስታወሻ ሙሉ። አዲስ ሥራ መፈለግ የሚጀመረው ያን ቀን ነው፤ «ይራዘማል እየተባለ ነው» የሚለውን ወሬ እየሰማችሁም ቢሆን።

ጥር 12/2017፣ እኛ ቃና ዘገሊላን ስናከብር፣ አሜሪካ የውጭ እርዳታዋን ያገደችበት ትዕዛዝ ተፈረመ። በቀናት ውስጥ ሥራ አቁሙ የሚሉ ደብዳቤዎች መጡ። የውል ዘመናቸው ገና አንድ ዓመት የቀራቸው ጓደኞቼ ወር ሳይሞላ ላፕቶፕ መለሱ። ያን ጊዜ ያልወደቀው ሦስት ወር የሚያቆይ ወጪ በባንክ የነበረው ነው። የደረጃ 2 የፐርዲየም ሒሳብ ለዚህ ነው።

ደረጃ 7፦ ስልኩን ለዩት

ይህ አጭር ነው። የሥራ ቴሌግራም ግሩፑን ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ድምፁን አጥፉ። ለጸጥታ ጉዳይ የሚደወልበትን ቁጥር ብቻ ክፍት ተዉ። ባሕር ዳር ላይ መንገድ ተዘግቷል አልተዘጋም የሚለው መረጃ ሕይወት ነውና ሁሉንም ማጥፋት አልመክርም። ለአለቃችሁም በመጀመሪያው ሳምንት ንገሩ፦ «አስቸኳይ ከሆነ ይደውሉልኝ፣ መልእክት ማታ አላይም።» ሰው ለመደወል ያፍራል። መልእክት ለመላክ አያፍርም።

ከረጅም ፊልድ በተመለሳችሁ ማግስት ጠዋት ቢሮ አትግቡ። ይህን ከአለቃችሁ ጋር አስቀድማችሁ ተስማሙ። አቧራው ሳይለቃችሁ የምትጽፉት ሪፖርት ሁለት ጊዜ ነው የሚጻፈው። እንቅልፍ እምቢ ካለ፣ ያያችሁት ነገር ማታ ማታ ከተመለሰ ደግሞ ሐኪም ጋ ሂዱ። በሐኪም ማስረጃ የሕመም ፈቃድ እስከ ስድስት ወር ይደርሳል። የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ፣ የቀሩት ያለ ክፍያ።

ደረጃ 8፦ ሲበላሽ

መጀመሪያ በጽሑፍ ጠይቁ፣ ቅጂውን ቤት አስቀምጡ። የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። «ፕሮጀክቱ ሲያልቅ አንድ ላይ እንተሳሰባለን» የሚል ቃል ከሰማችሁ ቀን መቁጠር ጀምሩ።

ራሳችሁ የምትለቁ ከሆነ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ስጡ። ሥራው ሲቋረጥ ቀሪ ክፍያችሁ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ መከፈል አለበት፤ ያልተወሰደ የዓመት ፈቃድም በገንዘብ ይታሰባል። የሥራ ልምድ ማስረጃውን ደግሞ በመጨረሻው ቀን፣ ማኅተሙ እስኪደርቅ ቆማችሁም ቢሆን ተቀበሉ። «በኋላ መጥተህ ውሰድ» ሲሏችሁ እሺ አትበሉ። ፕሮጀክት ሲዘጋ ቢሮውም አብሮ ይዘጋል። እኔ የአንዱን ልወስድ ከዓመት በኋላ ሽምብጥ ድረስ ብሄድ ግቢው ሙአለ ሕፃናት ሆኖ ጠበቀኝ። ዘበኛው ያው ነው፣ አወቀኝ። «ልጅ ልታስመዘግብ ነው?» አለኝ።